አስራ አንደኛው ምላጭ

ያንን ጦርነት ማን እንዳሸነፈው ሰዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ እግረኛው ነው ይላል፤ ሌላው መድፈኛው። እኔን ጠጋ ብለው ቢጠይቁኝ በአንድ ቃል እገላግላቸው ነበር። ሞረድ ነው ያሸነፈው። ሞረዱን ማን እንደያዘው ደግሞ፣ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ስለማልወድ፣ አልናገርም።

የምንሰራው ድሮ የአውቶቡስ ጋራዥ በነበረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ ሲሚንቶ ነው። መሀል ለመሀል አውቶቡስ ከስሩ የሚታይበት ጉድጓድ አለ፤ በሳንቃ ከድነነው የተሰባበረ ብረት እንጥልበታለን። ግድግዳውን ተከትሎ ስድስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ጫፍ ብረት ነክሶ የሚይዝ አንድ ሞርሳ። ከግንባር የሚመጣልን መሳሪያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ወታደሩ አቆላምጦ «አጭሬ» የሚላት፣ ከክንድ ብዙም የማትረዝም አውቶማቲክ ጠመንጃ። አጭሬን የሰራት ፋብሪካ የሰላሳ ቀን ዕድሜ ብቻ የሰጣት ይመስለኛል። ካዝናዋ ክፉ ዓይን ካየው ይጎብጣል። ሞላዋ ይላላል። የእንጨት ሰደፏ ዝናብ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ እኛ በጎበጠ የውሃ ቧንቧ እንተካላታለን። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሬት ላይ በሰደፏ ከወደቀች ማንም ምላጯን ሳይስበው ለብቻዋ ትተኩሳለች። ከመኪና ሲዘል በገዛ መሳሪያው የተመታ ወታደር ስንት ነው!

ለዚህ ጠባይዋ መድኃኒት ያገኘሁላት እኔ ነኝ። የአሮጌ አውቶቡስ በር መቀርቀሪያ ቆርጬ ልጓም አበጀሁላት፤ ከዚያ ወዲህ ከሰባተኛ ፎቅ ቢጥሏት ትንፍሽ አትልም። በዚያ መቀርቀሪያ የተረፈ ሰው ቢሰበሰብ አንድ ከተማ ሞልቶ ለሁለተኛው ይተርፋል።

አለቃችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የመነጽራቸው አንድ እግር ስለተሰበረ በክር ከጆሯቸው ጋር ታስሯል፤ ቢሆንም እሳቸው ብረት የሚያዩት በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ነው። ልጃቸው ከእኔ ቀጥሎ፣ መስኮቱ ስር ባለው ጠረጴዛ ይሰራ ነበር። ግራ እጁን ስለሚጠቀም «ግራው» እንለዋለን። የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይሄ የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ ዓመት ተኩል በፊት ከተንቀሳቃሽ ጠጋኞች ጋር ወደ ግንባር ሄደ፤ መኪናቸው ድልድይ አጠገብ ተቃጥላ ተገኘች። አስከሬን አልተገኘም። ለጋሼ ግን «በጀግንነት ወድቋል» የሚል ባለማህተም ወረቀት መጣላቸው። ወረቀቱን ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ የልጁን የስራ ሽርጥ ደግሞ መስኮቱ ስር ያለው ሞርሳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም።

መርማሪው የመጣ ዕለት የተቀመጠው እዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ማንም «ይመጣል» አላለንም። ጫማው ድምፅ የሌለው፣ ፊቱ ላይ አንድ የጢም ዘር የማይታይ ቀጭን ሰው፣ ሽርጡን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ጎን አደረገና ተቀመጠ። ደብተር አወጣ። ጋሼ አዩት፤ ወደ ሞረዳቸው ተመለሱ። ሦስት ቀን እንደዚያው ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ሲጽፍ፣ ሲያየን ሰነበተ። ደህና አደራችሁ ስንለው ይጽፋል። ዝም ስንል ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይጽፋል።

በሁለተኛው ቀን ጨዋታ ጠፋ። ሁሉም መሳቢያውን መቆለፍ ጀመረ። አንዱ ወደ ጉድጓዱ ብረት ሊጥል ሲሄድ አምስታችን አንገታችንን እናዞራለን፤ ምን ጣለ? ለምን አሁን ጣለ? ከኔ በስተግራ የሚሰራው፣ ምን ቢነግሩት «ጭራሽ!» ስለሚል «ጭራሽ» ያልነው ብየዳ ሰራተኛ፣ ምሳ አብረን ካልበላን የማይበላለት ሰው፣ ረቡዕ ዕለት ሳህኑን ይዞ በር ስር ሄዶ ብቻውን በላ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ፀሐይ ፈልጌ ነው አለኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። ያን ጊዜ ነው ከእኔ ውጪ ያለው ሁሉ አንድ ነገር እንደሚያውቅ የጠረጠርኩት።

እኔ ምንም አላስፈራኝም። ፊቴን ታጥቤ፣ ቀና ብዬ፣ ከወትሮው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምሰራው። ይሄም ተጻፈ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ ላይ ይፈለጋል። በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት የመላጫ ምላጭ ከየሱቁ ጠፋ። የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ ሱቅ አለው። ምላጭ ካልላክህልኝ እህትህና ልጆቿ ጦማቸውን ማደራቸው ነው ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ለእህቴ ስል ተራራ የምገለብጥ ሰው ነኝ። የብረት መጋዝ ምላጭ ሲሰበር ወደ ጉድጓዱ ይጣላል፤ ከዚያ ስብርባሪ እየለቀምኩ፣ በድንጋይ እየሳልኩ፣ አስር መላጫ ሰራሁለትና በካልሲ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ሾፌር ላክሁ። ያው ቋንቋችን መላጫውንም ምላጭ፣ የመጋዙንም ጥርስ ምላጭ፣ የጠመንጃውንም መሳቢያ ምላጭ ይለዋል። እኔ ከምላጭ ምላጭ ሰራሁ። ያን ጊዜ የእጅ ስራ እንጂ እንቆቅልሽ አልመሰለኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት መርማሪው አስጠራኝ። ድሮ ትኬት ይቆረጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የገባው፤ ግድግዳዋ ላይ እጅ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ጨርቁ ላይ አንድ የአጭሬ ምላጭ አስቀምጧል። ፋብሪካ የሰራው አይደለም፤ በእጅ የተሞረደ ነው።

«አንሳው» አለኝ። «የማን ስራ ይመስልሃል?»

አነሳሁት። ወገኖቼ፣ ብረት እንደዚያ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ጎኖቹ ፊት ያሳያሉ። ኩርባው ጣት ይጠራል። ከኋላው ያለው፣ ማንም የማያየው ጠርዝ እንኳ እንደ ከንፈር ለስልሷል። እንዲህ ያለ ስራ ጌታ አጥቶ ጨርቅ ላይ ሲተኛ ማየት ለእኔ ከባድ ነው።

«ከእኔ በቀር ማን ሊሆን!» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጌታዬ፣ አባት ልጁን አያውቅም?»

ቀስ ብሎ ጻፈው። ከዚያ ደብተሩን አዞረና ፈርምበት አለኝ። በትልቁ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ የታወቀ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የነገረኝ። ምላጩ የተፈታው ከአንድ ወር በፊት ከጠላት ከተማረከ አጭሬ ላይ ነው።

ደብተሩን ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ፤ ቀድሞኝ ዘጋው።

ቀጥሎ ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። የአማቼን ጽሕፈት በሩቁ አወቅሁት። ድምፁን ሳይለዋውጥ፣ እንደ ዜና አነበበልኝ፦

«ወንድሜ፣ የላክሃቸው አስር ምላጮች ደርሰውኛል። ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ስምንቱ ግን ጉድ ናቸው። ደንበኞቼ ከተራራው ድረስ እየወረዱ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ምላጭ እጄ አልለመደም ነበርና አንድ ሽማግሌ ለጥቂት ገድዬ ነበር። አሁን ለምጃለሁ። ሃያ ብትጨምርልኝ ሁሉንም እጨርሳቸዋለሁ። እህትህ ደህና ናት።»

ተራራው ላይ ማን እንዳለ የሁለት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ጠላት ነው።

«የአንተም ደብዳቤ እጃችን ገብቷል» አለኝ። አዎ፣ እኔም ከምላጮቹ ጋር ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፤ በአገሩ ይሄን የሚሰራ ከኔ በቀር የለም፣ ለማንም አትንገር፣ ከፈለግህ ሺህ እልክልሃለሁ የሚል። አንድ ሰው አማቹን ለማስደሰት እንዲህ ቢል ምን ነውር አለው?

መላጫ ነው ብዬ አስረዳሁ። ከመጋዝ ነው አልኩ። ከምላጭ ነው ምላጩን የሰራሁት ስለው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ያልኩትን በጆሮዬ ስሰማው የሰካራም ወሬ መሰለኝ። አማቼ ትናንት መያዙን፣ ነገ ጠዋት በመኪና እንደሚያመጡት ነገረኝ። ከዚያ ቀና ብሎ በቀዳዳዋ በኩል የጋራዡን የጀርባ ግድግዳ አየ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሁለት ሰዎች ለጠላት ጥይት ሸጣችሁ ተብለው እዚያ ግድግዳ ስር ቆመው ነበር። በማግስቱ ኖራ ተቀባ። ነጭነቱ እስካሁን ከሌላው ይለያል።

እንግዲህ ነፍሴን የሚያድን መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ውሸታም መሆኔን ማስመስከር። ይሄን በሰው ላይ አያድርስ። ምላጩ የኔ ስራ አይደለም፣ አምሮኝ ነው የዋሸሁት፣ የጠረጴዛ ጓደኞቼን ጠይቅ አልኩት።

ጭራሽ ተጠራ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንዴት እንዳጠራቀመው! ሰባት ሺህ አጭሬ ጠገንኩ እንደምል፣ ጄኔራሉ በሕልማቸው እጄን ጨበጡኝ ማለቴን፣ ጥርሴን ራሴ በጉጠት ነቅዬ ራሴ መለስኩት ማለቴን ሁሉ ዘረዘረለት። በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አለ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ ዝናብ ነው ካለ እኔ ልብስ አሰጣለሁ።»

በሌላ ቀን ቢለኝ ቡጢ አይቀርለትም ነበር። ያን ቀን ግን ልስመው ቃጣኝ። መርማሪው ግን አልሳቀም። ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ እየከተተ፣ «ውሸታም ሁሉ አንድ ቀን እውነት ከአፉ ያመልጠዋል» አለ። «ያመለጠህ ዛሬ ቢሆንስ?»

ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። የመስኮቱ ስር ሞርሳ ላይ፣ እሱ እያየ፣ ያንኑ የመሰለ ምላጭ ሞርጄ እንዳወጣ።

ነገሩን እስቲ ተመልከቱት። አሳምሬ ከሰራሁ ያንንም የሰራሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳ። አበላሽቼ ከሰራሁ ሆን ብሎ ነው ያበላሸው ይላል፤ አሁንም ግድግዳ። በዚያ ላይ መስኮቱ ስር ነው የምቆመው፤ ጋሼ ሽርጡን ከሞርሳው ላይ ራሳቸው አነሱልኝ። አጥፈው ብብታቸው ስር ያዙት። 

ምንም ብልሃት ስላልመጣልኝ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ሰራሁ። ያ በጨርቅ ላይ የተኛው ብረት አስቀንቶኛል፤ ግድግዳውን እንኳ ረስቼ ላሸንፈው ፈለግሁ። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ስሞርድ፣ ስለካ፣ ስሞርድ ዋልኩ። ላቤ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጭራሽ እንኳ ብየዳውን አቁሞ ያየኛል። መጨረሻ ላይ ፈትቼ ከዚያኛው ጎን አስቀመጥኩት።

የኔም ምላጭ ነው። ይተኩሳል። ከዚያኛው አጠገብ ግን የሞተ ጥርስ ይመስላል።

ለማወዳደር ሁለቱንም በመስኮቱ ብርሃን ስር አዘንብዬ ሳይ ነው ያየሁት። ሞረድ የፈለገውን ያህል ቢለሰልስ፣ ብርሃን ሲያጋድልበት የእጁን መንገድ ያሳያል። የኔ ጭረት ወደ አንድ ጎን ይተኛል፤ የጋሼም፣ የሁላችንም እንደዚያው ነው። የዚያኛው ጭረት የሚተኛው በተቃራኒው ነው። በግራ እጅ የተሞረደ ነው። ማንም የማያየውን የኋላ ጠርዝ የማለስለስ ጠባይ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለምን ጊዜህን ታባክናለህ ስለው፣ በብርድ ጊዜ የወታደር ጣት ይቆረጣል ብሎ የመለሰልኝ፣ እዚሁ ሞርሳ ላይ ቆሞ ነው።

ግራው አልሞተም። ተራራው ላይ ነው። የጠላትን አጭሬ ይጠግናል፤ ወዶ ይሁን ተገዶ ማን ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አርሜ ልለፍ። መቀርቀሪያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ያገኘው እሱ ነው፤ ያወጅኩት እኔ ነኝ። አስተማርኩት ያልኩትም እንደዚያው፣ የተማርኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

መዳኛዬ እጄ ላይ ነበር። «ጌታዬ፣ ይሄ የግራ እጅ ስራ ነው» ማለት ብቻ ነው። እኔ የምሰራው በቀኝ ነው፤ እነሆ፣ ነፃ ወጣሁ፣ አማቼም ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ግን መርማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ከዚያ ጋሼ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ባለማህተም ወረቀት ይወርዳል፤ የጀግና አባት የከሃዲ አባት ይሆናል። ኖራ የሚጠብቀው ሌላ ግድግዳ ደግሞ አይጠፋም።

መርማሪው ጋሼን ጠራቸው። ሁለቱንም ምላጭ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠና የአንድ ሰው እጅ መሆን አለመሆኑን ይናገሩ አላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን እንኳ አላስተካከሉም። አውራ ጣታቸው የኔን ዳበሰና አለፈ። ወደዚያኛው ሄደ። የኋላውን ጠርዝ ሲነካ ቆመ።

እጃቸው ሲቆም አየሁ።  ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ለመናገር እኔም ቃል የለኝም። ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። ጋሼ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ የሰው ነፍስ በእሳቸው ዝምታ እንዲጠፋም አይፈቅዱም።

«የዚህን እጅ…» ብለው ጀመሩ።

«የምን እጅ!» አልኩና ከአፋቸው ነጠቅኋቸው። «ይሄ የሰው እጅ አይደለም፤ የማሽን ስራ ነው። ጌታዬ፣ ከቀትር ጀምሮ ያዩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ሞክሬ ያቃተኝን ነገር የሚሰራ ሰው ከናቱ ማህፀን አልወጣም። እኔ ካልቻልኩት ማሽን ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

 ጭራሽ ከጠረጴዛው ሆኖ፣ በዝቅታ፣ «ጭራሽ…» አለ።

 መርማሪው ሦስት ቀን ሙሉ ስለኔ የጻፈውን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ፊቱ ላይ አንድ ነገር የተፈታው። እዚያ ደብተር ውስጥ በየገጹ ያለው ሰው እንደዚያ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ ከኔ የሚበልጥ ሰው የለም የሚል ጅል። ወደ ጋሼ ዞረና፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው።

ጋሼ ምላጩን በጡጫቸው ውስጥ ያዙት። ከዚያ መለሱለት።

«እዚህ ቤት ካሉት ሰዎች የማንም እጅ አይደለም» አሉ። ቃል በቃል እውነት ነበር።

አርብ ጠዋት አማቼን አመጡት። እጁ በገመድ ታስሯል፤ ጢሙ አድጓል፤ ሲያየኝ ሰላምታ አልሰጠኝም። ስምንቱ መላጫዎች በዚያው በካልሲዬ ተጠቅልለው መጥተዋል። መርማሪው አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ሞከረው። ይሄ መላጫ ከሆነ ይላጫል አለ። ለራሱ ጉንጭ ግን አላመነውም፤ ሰው የሚጠረጥር ሰው አንገቱን ለፀጉር አስተካካይ አይሰጥም። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ገመዱን ሲፈቱለት አማቼ እጁን አሸ። ሳሙና አመጡለት። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ተናገረ።

«ሺህ እልክልሃለሁ አላልክም?»

«ቀስ በል እንጂ፣ አማቼ።»

«ቀስማ አልልም። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ነው የተኛሁት።»

ያ ሰው በዕድሜው አንድ ሺህ ፊት ላጭቷል፤ እንደኔ ፊት የተጨነቀበት የለም ማለት እችላለሁ፤ ማለቴ የተጨነቅሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቦታ ቆረጠኝ። አንዱ ጠባሳ እስካሁን አለ፤ በጦር ግንባር የቆሰልኩት ነው እያልኩ ነው የማሳየው። ሲጨርስ ግን፣ ደሙ ተጠርጎ፣ ፊቴ እንደ ሕፃን ነበር። መርማሪው በአንድ ጣቱ ጉንጬን ነካ። ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ተነቃነቀ።

«ምላጭ ነው» አለ። «እንደ ምንም።»

አማቼን ለቀቁት። እኔ የመንግስት ስብርባሪ ለግሌ በመውሰዴ ጉድጓዱን አራግፌ እንድጠርግ፣ ብረቱን ሁሉ በየዓይነቱ እንድለይ ተፈረደብኝ። ደብተሩ ላይ በትልቁ የፈረምኩባትን ገጽ ቀዶ፣ «ቃሉ የማይታመን» የሚል በሌላ ገጽ ጻፈና እሱንም አስፈረመኝ። በትንሹ ፈረምኩ።

መርማሪው ዕቃውን ሲሰበስብ ሁለቱ ምላጮች ገና ሞርሳው አጠገብ ነበሩ። ማስረጃውን በክር አስረህ ስጠኝ፣ ያንተን ወደ ጉድጓድ ጣል አለኝና ካፖርቱን ሊለብስ ጀርባውን ሰጠ።

እጄ ፈጣን ነው። ይሄን የምለው ጉራ እየነዛሁ አይደለም፤ እውነት ነው። የራሴን በጥቁር ዘይት አሸት አደረግሁና በክር አስሬ፣ በነጩ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። የግራውን ሥራ ደግሞ ኪሴ ከትቼ፣ የራሴን ወደ ጉድጓዱ የጣልኩ መስዬ ሌላ ስብርባሪ ወረወርኩ። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ ቅጭል አለ።

መርማሪው በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን ገለጥ አደረገ። አየው፤ አገላበጠው። ሰባት ሺህ ዓመት አየው።

«ከትናንቱ የሻከረ መሰለኝ» አለ።

«ከእኔው ጎን ስላደረ ይሆናል፣ ጌታዬ» አልኩት። «የኔ ነገር ይጋባል።»

ዓይኑን ከምላጩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጋሼ፣ ከጋሼ ብብት ስር ወዳለው የታጠፈ ሽርጥ አሻገረ። ከዚያ ጨርቁን ከደነው፣ ኪሱ ከተተው፣ ድምፅ በሌለው ጫማው ወጣ። ያ ሰው አውቆ ይሆን? እንደዚያ ያለ ዓይን ሁለት ብረት መለየት ያቅተዋል? የሱ ሦስት ቀን ጥርጣሬ አለቀ፤ የኔ ግን ያን ቀን ጀመረ፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እዚያ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ «የጠላት ማሽን ስራ» የሚል ወረቀት ታስሮበት የተቀመጠው የኔ ምላጭ ነው። በሕይወቴ የስራዬን ምስጋና ለሌላ የሰጠሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ጋሼ መስኮቱ ስር ቀሩ። አጠገባቸው ሄጄ የግራውን ምላጭ መዳፋቸው ላይ አደረግሁት። አውራ ጣታቸው ወዲያው ጠርዙን አገኘ።

«ማሽን ነው ብለሃል እኮ» አሉኝ።

«እኔ ያልኩትን ማን ያምናል፣ ጋሼ?»

 ሽርጡን ዘርግተው፣ ምላጩን ኪሱ ውስጥ ከተው፣ መልሰው ሰቀሉት፤ አሁን ግን ሞርሳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ነው። ከዚያ የዘይት ጣሳ አመጡ። የልጃቸውን ሞርሳ ጥርሱን፣ ጥርሱን፣ በጨርቅ ማሸት ጀመሩ።

ጭራሽ ሳህኑን ይዞ ተመልሶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ጋሼ ምን እየሰሩ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ዝገት እንዳይበላው» አሉ። «ባለቤት ያለው ዕቃ ነው።»